በልጅጉ ለምን ይበትናል? ጥይትን በእጅ መሙላትስ መፍትሔ ነው?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦ «ከአባቴ የወረስኩት በልጅግ፣ ማለትም ቤልጅየም ሠራሽ ጠመንጃ አለኝ። ፈቃድ አለው። በ100 ሜትር አምስት ጥይት ስተኩስ አመታቱ፣ ማለት ጥይቶቹ የሚያርፉበት ቦታ፣ ከስንዝር በላይ ይበተናል። ታላቅ ወንድሜ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው፤ አዳኝ ነው። ለ30-06 ጠመንጃው ጥይቱን ጋራዡ ውስጥ ራሱ ይሞላል። አምስቱንም ጥይት ሁለት ጣት በማትሞላ ቦታ ላይ ይሰበስባል። ዕቃውን ልላክልህና አንተም ሞክረው እያለኝ ነው። በመስከረም ልጠይቀው ስሄድም አብረን አደን እንወጣለን ብሏል። ልዩነቱ እውነት የጥይቱ አሞላል ነው? እኔስ እዚህ ልሠራው እችላለሁ?»

ወንድምዓለም፣ ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ አጭር ነው። አትሥራው፤ ዕቃውንም እንዳያስልክህ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መያዝንም ማምረትንም ይከለክላል። ያንተ ፈቃድ ጠመንጃውን ለመያዝ ነው፤ ጥይት ለመሥራት አይደለም። ባሩድና ማቀጣጠያ በሻንጣ ይዞ መግባትም ሆነ በፖስታ መላክ ወንድምህንም አንተንም ከባድ ጣጣ ውስጥ ይከታል። ኮሎራዶ ላይ ግን ሰው ለራሱ አደን ጥይት ቢሞላ ሕጋዊ ነው፤ የተለመደም ነው። ስለዚህ ሙያውን እዚያ ስትሄድ ከወንድምህ ጋር ቁጭ ብለህ ተማረው።

የመጀመሪያው ጥያቄህ ግን ደስ የሚል ነውና ጊዜ ወስጄ እመልሳለሁ። የወንድምህ አመታት የተሰበሰበው በአሞላሉም ምክንያት ነው። ያንተ የተበተነው ግን በአሞላል እጦት አይመስለኝም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ ጥይት አራት ነገር ነው፤ ቀለህ፣ ከቀለሁ ቂጥ ያለችው ማቀጣጠያ፣ ባሩድና አረር። ፋብሪካ እነዚህን ሲገጣጥም ለዓለም ጠመንጃ ሁሉ እንዲሆን አድርጎ ነው። 30-06 የሚባለው ጥይት እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ አለ። ከዚያ ወዲህ ስንት ፋብሪካ ስንት ዓይነት ጠመንጃ እንደሠራለት አስበው። የአንዱ ማጉረሻ፣ ማለት ጥይቱ የሚገባበት የቱቦው የኋላ ክፍል፣ በመጠኑ ሰፋ ያለ ነው፤ የሌላው ጠበብ ያለ። ፋብሪካው ጥይቱ ሁሉም ውስጥ እንዲገባ ስለሚፈልግ ለማንኛቸውም ልክክ ያለ አይሠራም። በእጁ የሚሞላ ሰው ግን የሚያስበው ስለ አንዲት ጠመንጃ ብቻ ነው። ለእሷ ልክ የሆነውን ይፈልጋል፤ ካገኘ በኋላ ደግሞ ያንኑ ሳያዛንፍ ይደግማል። የትክክለኛነት ምንጭ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ባሩድ መጨመር ይመስለዋል። አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጠመንጃ ይበልጥ የሚሰበስበው ከከፍተኛው መጠን ዝቅ ባለ ሙሌት ነው።

ሥራው ከቀለሁ ይጀምራል። ጥይት ሲተኮስ ናሱ ይለጠጥና የማጉረሻውን ቅርጽ ይይዛል። ወንድምህ ያንን ቀለህ አጽድቶ፣ ስንጥቅ እንደሌለው አይቶ፣ ወደ ብረት ሻጋታ ያስገባና መልሶ ያጠበዋል። እዚህ ላይ ነው የእጅ ሙያ የሚታየው። ቀለሁን ከልክ በላይ ወደ ኋላ ከገፋው፣ በሚቀጥለው ተኩስ እንደገና ይለጠጣል። እንደገና ይገፋዋል፤ እንደገና ይለጠጣል። ናሱ ከቂጡ ከፍ ብሎ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ለሁለት ይበጠሳል። ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ የሚችለው ያኔ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው የቀለሁን ትከሻ በሚሊ ሜትር መቶኛ ጥቂት ያህል ብቻ ይገፋል፤ መዝጊያው ያለ ትግል እስኪዘጋ ድረስ ማለት ነው። ከዚያ ርዝመቱን ይለካል። የ30-06 ቀለህ ከ63.35 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ካለፈ አንገቱ ወደ ቱቦው አፍ ገብቶ አረሩን አንቆ ይይዛል፤ ግፊቱም ባልታሰበ መጠን ይዘላል።

ስለ ቀለሁ አንገት ትንሽ ልቆይ፤ እንደ እኔ አመታቱ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነው። አረሩን የያዘው አንገቱ ነው። አንዱ ቀለህ ጠበቅ አድርጎ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ከያዘ፣ አረሮቹ የሚለቀቁት በተለያየ ግፊት ነው። ናስ በተደጋጋሚ ሲለጠጥና ሲጠብ ይጠነክራል። አንዳንዶቹ አንገቱን ብቻ በእሳት አሙቀው ያለሰልሱታል። ቂጡን ግን ፈጽሞ አያሞቁትም፤ ቂጡ ከለሰለሰ ግፊቱን አይችልም። አንገቱ የተጣመመ ከሆነ ደግሞ አረሩ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም። ገና ከመነሻው ዘሞ ቱቦው ውስጥ የገባ አረር ደግሞ ቀጥ ብሎ አይወጣም።

ቀጥሎ ማቀጣጠያው ነው። ከቀለሁ ቂጥ እኩል ወይም ትንሽ ገባ ብሎ ይቀመጣል። ወጣ ብሎ ከቀረ መዝጊያው ሲዘጋ ሊፈነዳ ይችላል።

ባሩዱ ይመዘናል። የሙያው መለኪያ ግሬይን ይባላል፤ 7000ው አንድ ፓውንድ ነው። የጥሩ ሚዛን ንባብ የአንድ ግሬይን አንድ አሥረኛ ነው፤ ወደ 6.5 ሚሊ ግራም ግድም። ቀመሩ ከባሩዱና ከአረሩ አምራች መጽሐፍ እንጂ ከጓደኛ ወሬ አይወሰድም። ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን ተነስቶ በጥቂት በጥቂት ይወጣል። ከተኩስ በኋላ ማቀጣጠያው ተጠፍጥፎ ከታየ፣ መዝጊያው ለመክፈት ካስቸገረ፣ እዚያው ይቆማል። የአንዱ ጠመንጃ ልክ ለሌላው አይሠራም። ለዚህ ነው እዚህ ላይ አንድም የባሩድ መጠን የማልጽፍልህ።

አንድ ነገር ደግሞ ሒሳቡን ልንገርህ፤ ሰው ብዙ ይደክምበታል። ሁለት ጥይቶች በፍጥነት 30 ሜትር በሰከንድ ቢለያዩ፣ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፣ በ100 ሜትር ላይ ከፍታቸው የሚለያየው በግማሽ ሴንቲ ግድም ብቻ ነው። በ300 ሜትር ግን 5 ወይም 6 ሴንቲ ይደርሳል። ስለዚህ በ100 ሜትር ስንዝር የሚበትን ጠመንጃ ችግሩ ከባሩድ ሚዛን አልመጣም። ይህን ያዝልኝ፤ ወደ ጠመንጃህ ስመለስ ያስፈልገናል።

ከአራቱ ነገሮች ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለአረሩ ነው። የቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር አረሩን ያሽከረክረዋል፤ የ30-06 የተለመደው ጥምዝ በ25.4 ሴንቲ ሜትር አንድ ዙር ነው። ረጅም አረር ፈጣን ጥምዝ ይፈልጋል፤ አለዚያ አየር ላይ ይንገዋለላል። አንዷ ጠመንጃ አንዱን አረር ትወድና ሌላውን እምቢ ትላለች። አራት ዓይነት አረር መሞከር ባሩዱን ለወራት ከማስተካከል የተሻለ ውጤት ሲሰጥ አይቻለሁ። ግን ወንድምህ አዳኝ እንጂ ዒላማ ተወዳዳሪ አይደለም። ወረቀት ላይ በጣም የሚሰበስበው የውድድር አረር ለእንስሳ አይሆንም። ሥጋ ውስጥ ሲገባ በአግባቡ አይከፈትም፤ ወይ ይበታተናል፤ እንስሳው ቆስሎ ይሰቃያል። ትንሽ ሰፋ ብሎ ቢሰበስብም የአደን አረር ይሻላል። በዚህ አልደራደርም።

በመጨረሻ አረሩ ምን ያህል ጠልቆ ይቀመጥ የሚለው አለ። አረሩ ከቀለሁ ወጥቶ ጥምዙን እስኪነካ ድረስ ትንሽ ባዶ መንገድ ይሄዳል። ያቺን ርቀት ማሳጠርና ማስረዘም አመታቱን ይቀይራል። ነገር ግን ጥይቱ ካዝናው ውስጥ መግባት አለበት፤ ለ30-06 አጠቃላይ ርዝመቱ 84.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ የሚገደበውም ለዚሁ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሦስት ጥይት ተኩሶ «አገኘሁት!» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ሦስት ጥይት በዕድልም ይሰበሰባል። ያንኑ ሙሌት በሌላ ቀን፣ አምስት አምስት አድርጎ ደግሞ ደጋግሞ ማየት ነው።

አሁን ወደ አንተ በልጅግ።

አብሽር፣ ጠመንጃህ የሞተ አይመስለኝም። ቤልጅየም የሠራችው የእነዚያ ዘመን ማውዘር ጠንካራ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለንጉሠ ነገሥቱ ጦር የገባው 7.92 በ57 የሚባለውን ጥይት ይተኩሳል። በደህና ይዞታ ላይ ያለ እንዲህ ያለ ጠመንጃ በብረት ማነጣጠሪያው በ100 ሜትር 8 እስከ 10 ሴንቲ ቢሰበስብ ጤነኛ ነው። ከወንድምህ ባለ መነጽር ጠመንጃ ጋር አታወዳድረው። ከስንዝር በላይ ከሆነ ግን የታመመ ነገር አለ።

በመጀመሪያ የምጠረጥረው ጥይቱን ነው። ከአባትህ ዝናር የወጣ ነው? ቂጡን አገላብጠህ አንብበው። ብዙውን ጊዜ የፋብሪካው ምልክትና የተሠራበት ዓመት ተመትቶበታል። አምስቱ ጥይቶች ከሦስት ፋብሪካና ከሦስት ዘመን ከሆኑ፣ ተሰብስበው እንዲመቱ መጠበቅ አይቻልም። በዝናር ውስጥ ለዓመታት ላብ የጠጣ፣ በፀሐይ የዋለ፣ በዘይት የታሸ ጥይት ደግሞ ውስጡ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ዘይት ቀስ ብሎ ገብቶ ማቀጣጠያውን ይገድላል። ቀለሁ አረንጓዴ ዝገት ካወጣ፣ አንገቱ ከተሰነጠቀ፣ አትተኩሰው። ምላጩን ስበህ ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞርክ ቢያንስ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቅ። ዘግይቶ ሊነሳ ይችላል።

ወንድምህ ያላሰበውን አንድ ነገር ልጨምር። የእነዚህ አሮጌ ወታደራዊ ጥይቶች ቀለህ በአብዛኛው በእሱ መሣሪያ አይሞላም። የእሱ ቀለህ መሃሉ ላይ አንዲት የእሳት ቀዳዳ አለችው፤ ያገለገለችው ማቀጣጠያ በቀጭን መርፌ ተገፍታ ትወጣለች። የአሮጌው ወታደራዊ ቀለህ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ዳርና ዳር አሉት። መርፌው መሃል ላይ የሚያገኘው ድፍን ናስ ነውና ይሰበራል። ስለዚህ ሕጉ ቢፈቅድልህም እንኳ ዕቃው አይጠቅምህም ነበር።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የቱቦው ውስጥ ነው። የድሮ ወታደራዊ ጥይት ማቀጣጠያ ሲቃጠል ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት ብረት ይበላል። በክረምት ደሴን የሚያውቅ፣ የጦሳን ተራራ ጉም ሲውጠው ያየ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኛ አገር ጠመንጃ በላምባ ይጠረጋል። ላምባ ጥቀርሻውን ያነሳል፤ ጨው ግን አያሟሟም። ጨው የሚሟሟው በውኃ ነው። ስለዚህ ከተኩስ በኋላ በዚያው ቀን ቱቦውን በሙቅ ውኃ በራሰ ጨርቅ ጥረግ፤ በደረቅ ጨርቅ ደጋግመህ አድርቀው፤ ከዚያ ስስ ዘይት ቀባው። ብዙ ሰው ውኃ ሲሰማ ይደነግጣል። የሚያዘገው ግን ሳይደርቅ የቀረ ውኃና ሳይወጣ የቀረ ጨው ነው።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካዝናውንም ማጉረሻውንም በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ መዝጊያውን አውጣና ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን ተመልከት። ጥምዙ ጥርት ብሎ ከታየህ ደስ ይበልህ። ጥቁር ጉድጓድ ጉድጓድ ከሆነ ጨው በልቶታል ማለት ነው። ቀጥሎ የአፈሙዙን ጠርዝ እይ። አረሩን መጨረሻ ላይ የሚነካው ይህ ጠርዝ ነው። ለዓመታት በብረት ዘንግ ከፊት በኩል ሲጠረግ የኖረ ጠመንጃ ጠርዙ ወደ አንድ ጎን ይበላል። ጋዙ ከአረሩ ኋላ በእኩል አይወጣም፤ አረሩን ይገፋዋል። እንዲህ ከሆነ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጠርዙን እንደገና ያስተካክለዋል፤ ቀላል ሥራ ነው፤ ለውጡ ግን ያስገርማል። ከእንግዲህ አንተም ከኋላ በኩል ጥረግ።

ሦስተኛው እንጨቱ ነው። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ከታች ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ብሎኖች ናቸው። ከላሉ በየተኩሱ ብረቱ ቦታ ይቀይራል። እንጨት ደግሞ በሐምሌ ያብጣል፤ በኅዳር ይሸሻል። ያበጠ እንጨት ቱቦውን በአንድ ጎን ይጫነዋል። ቱቦው ሲግል ጫናው ይለወጣል፤ አመታቱም እየሸሸ ይሄዳል። ወንድምህ ምናልባት «ወረቀት በቱቦውና በእንጨቱ መካከል አሳልፍ» ይልህ ይሆናል። ያ ቱቦው እንጨቱን አለመንካቱን ማያ ፈተና ነው፤ የሚሠራውም ለእሱ የአደን ጠመንጃ ነው። ያንተው ቱቦ እስከ ፊት ድረስ በእንጨትና በቀለበት የታሰረ ስለሆነ ፈተናው አይሠራም፤ አንተ ብሎኖቹን አጥብቅ።

የመዝጊያውና የጠመንጃው ቁጥር አንድ መሆኑንም ተመልከት። በጦርነት ዘመን መዝጊያ ተቀያይሯል። ካልገጠመ በመዝጊያውና በጥይቱ ቂጥ መካከል ያለው ክፍተት በባለሙያ መለኪያ ሳይታይ አንድም ጥይት አታጉርስ። ከተኮስከው ቀለህ ላይ ከቂጡ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካየህም እንደዚያው።

ይህን ካየህ በኋላ ሞክረው። በተፈቀደ የመተኮሻ ቦታ፣ ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ ዘመን የሆነ ጥይት ብቻ ይዘህ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፍ፤ ከረጢቱ ከእንጨቱ ሥር ይሁን እንጂ ከቱቦው ሥር አይሁን። አምስት ተኩስ፤ ቱቦው ይብረድ፤ ሌላ አምስት ተኩስ። አመታቱ ሁሉ ተሰብስቦ ከዒላማው በላይ ካረፈ ያ መበተን አይደለም። ወታደራዊ ማነጣጠሪያ ለረጅም ርቀት ስለተሰናዳ በ100 ሜትር ከፍ አድርጎ መምታቱ የተለመደ ነው። ማስተካከል የሚቻል ነው፤ መበተን ግን ሌላ በሽታ ነው።

ኮምቦልቻ ወርደህ ወይም ከሚሴ በኩል ሞክረህ ከደሴ የተለየ ውጤት ብታይም አትደንግጥ። ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። መኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ጥይትና በደላንታ ብርድ ያደረ ጥይት እኩል አይሮጡም። አየሩም ይለያያል። በ2500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ አረሩን ብዙ አይዘውም። በ100 ሜትር አታስተውለውም፤ በ300 ሜትር ግን ጥቂት ሴንቲ ነው። ይህ ደግሞ ለኮሎራዶ ጉዞህ ይጠቅምሃል። ዴንቨር 1600 ሜትር ላይ ናት፤ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን የሚታደንበት ተራራ ግን ከዚያ እጅግ ከፍ ይላል። ደሴ ያደገ ሳንባ እዚያ አይቸገርም።

እዚህ ወሎ ላይ ግን በልጅጉን ይዘህ ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ፓርክ ወይም ወደ አቡነ ዮሴፍ እንዳትወጣ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው። አደን በአገራችን የሚፈቀደው በተከለሉ የአደን ቀጠናዎች፣ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በተገኘ ፈቃድ ብቻ ነው።

ለጉዞው ሁለት ነገር አስቀድመህ ጨርስ። በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ የገባ ሰው ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ሳይኖረው ጠመንጃ መያዝ በፌዴራል ሕግ ይከለከላል። ኮሎራዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1949 ወዲህ ለተወለደ አዳኝ የአዳኞች ትምህርት የምስክር ወረቀት ትጠይቃለች። ወንድምህ ይህን አሁኑኑ ይጠይቅልህ፤ መስከረም ሩቅ አይደለም።

ወደ ጋራዡ ስትገባ ደግሞ እጁን ተመልከት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ መኖር አለበት። የሽጉጥ ባሩድ በስህተት በጠመንጃ ቀለህ ውስጥ ከተሞላ ጠመንጃውን ሊበትነው ይችላል። ባሩድ ከሞላ በኋላ ቀለሆቹን በሙሉ በባትሪ ብርሃን ከላይ አይቶ፣ የባሩዱ ከፍታ እኩል መሆኑን አረጋግጦ ነው አረር የሚያስቀምጠው። መነጽር ያደርጋል፤ ስልክ አያነሳም፤ ወሬ አያወራም። ቡና ከተፈላ ከሰሉም ዕጣኑም ከዚያ ክፍል ውጭ ይሁን፤ ሲጋራም እንደዚሁ። በደብተሩ ላይ የባሩዱን ዓይነት፣ የመለያ ቁጥሩን፣ የአረሩን ክብደት፣ ርዝመቱንና የተኮሰበትን ቀን ይጽፋል። ያንን ደብተር ለምነህ አንብበው። የትኛው ሙሌት ለምን እንደተተወ እዚያ ላይ ተጽፎ ታገኘዋለህ፤ ከማንኛውም ቪዲዮ ይበልጥ የሚያስተምርህ እሱ ነው።

በልጅግህን ካየኸው በኋላ የቱቦው ውስጥ ምን እንደሚመስልና የጥይቶቹ ቂጥ ላይ የተጻፈውን ላክልኝ፤ ከዚያ ቀጣዩን እነግርሃለሁ።